ከገመዱ ውጭ የሚጨፈርበት ሬጌ፦ ባያናሲስተምን የሚያውቅ አለ?

ቤዝ_ወዳጅ

ሰላም ጓዶች፣

እዚህ መድረክ ላይ ሬጌ በተነሳ ቁጥር ወሬው ወይ ኪንግስተን ነው፣ ወይ ለንደን፣ ወይ ሻሸመኔ። ብራዚልን የሚያነሳ አላየሁም። እኔ ደግሞ ከአንድ የብራዚል ባንድ መላቀቅ አቅቶኛል። ባያናሲስተም ይባላሉ። ከሳልቫዶር ናቸው። ሳልቫዶር የባያ ግዛት ዋና ከተማ ነች፤ እስከ 1763 ድረስ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የብራዚልም ዋና ከተማ እሷ ነበረች። የሚያውቃቸው ካለ እንጨዋወት፤ ለማያውቅ ደግሞ ላስተዋውቅ።

የተመሠረቱት በ2009 ነው። ጊታሪስቱ ሮቤርቶ ባሬቶ፣ ቤዙን የሚይዘው ሴኮ ባስ፣ ድምፃዊው ሩሶ ፓሳፑሶ ይባላሉ። ሩሶ ሚኒስቴሪዮ ፑብሊኮ በሚባል የሳልቫዶር ሳውንድ ሲስተም (ትልልቅ ስፒከር ደርድሮ ሙዚቃ የሚያጫውት ቡድን) ላይ ማይክ ይዞ የቆየ ሰው ነው። አዘፋፈኑም ከዚያው የመጣ ነው። መድረክ ላይ ቆሞ ዝም ብሎ አይዘፍንም። ሕዝቡን ይጠራል፣ ያዛል፣ ይቆጣል፣ ድንገት ደግሞ ጸጥ ብሎ ቤዙን ብቻውን ይተወዋል።

ሮቤርቶ የሚጫወታት ጊታር ጊታራ ባያና ትባላለች። ትንሽ ናት፣ ኤሌክትሪክ ናት፣ አቃኟም የማንዶሊን ነው። የአየለ ማሞን ማንዶሊን የለመደ ጆሮ ቶሎ ይግባባታል። ዘሯ የሚመዘዘው ዶዶና ኦስማር ከሚባሉ ሁለት የሳልቫዶር ሰዎች ነው፤ በ1940ዎቹ ነው የሠሯት። ለሰባ ዓመት ያህል የካርኒቫል ዜማ ስትጫወት ኖራ፣ እነዚህ ልጆች አምጥተው ከደብ (ሬጌን ሚክሰር ላይ አራቁቶ በኢኮ የሚሠራ ስልት) ቤዝ በላይ አስቀመጧት። ከላይ ቀጭን ድምፅ፣ ከታች የሚያንቀጠቅጥ ቤዝ። መሐሉ ባዶ ነው። ያንን ባዶ ቦታ ኢኮው ይሞላዋል።

የመጀመሪያ አልበማቸው በ2010 በባንዱ ስም ወጣ። ነገሩ የፈነዳው ግን በ2016 በ«ዱዋስ ሲዳጂስ» ነው፤ ሁለት ከተሞች ማለት ነው። ሳልቫዶር ገደል ለሁለት የከፈላት ከተማ ነች። የላይኛው ከተማ አለ፣ የታችኛው ከተማ አለ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ከ1873 ጀምሮ የሚሠራ ሕዝብ የሚወጣበት የሚወርድበት አሳንሰር አለ። አልበሙ ስለዚያ መከፈል ነው፤ ስለ ሀብታምና ድሃ፣ ባሕሩን ስለሚጋርዱት ፎቆች። ፕሮዲውሰሩ የሳኦ ፓውሎው ዳኒኤል ጋንጃማን ነው።

በ2019 ደግሞ «ኡ ፉቱሩ ናውን ዴሞራ» የሚለውን አወጡ። በዚያው ዓመት የላቲን ግራሚ ሸለማቸው፤ በፖርቱጋልኛ በተሠሩ የሮክና የአማራጭ ሙዚቃ አልበሞች ዘርፍ። ይህን ሁሉ የሠሩት ደግሞ ያለ ትልቅ አሳታሚ፣ እንደ ነጻ ባንድ፣ በራሳቸው ድርጅት በማኪና ጂ ሎኩ በኩል ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የሳልቫዶርን ካርኒቫል ያላወቀ ሰው የዚህ ባንድ ነገር ግማሹ ያመልጠዋል። እዚያ ባንዱ የሚጫወተው ትልቅ የጭነት መኪና አናት ላይ ነው። መኪናው ዙሪያውን ስፒከር ነው። በቀስታ ይሄዳል፣ ሕዝቡም አብሮት ይሄዳል። ታዋቂዎቹ ቡድኖች መኪናቸውን በረጅም ገመድ ያጥሩታል። ገመዱን በቀን ክፍያ የተቀጠሩ ሰዎች ይዘውት ይጓዛሉ። ውስጥ የሚገባው የቡድኑን ቲሸርት በውድ ዋጋ የገዛ ነው። ያልገዛው ከገመዱ ውጭ እየተገፋ ይጨፍራል፤ ይህን ሕዝብ ፈንዲሻ ይሉታል። ገመዱን ይዘው የሚውሉት አብዛኞቹ ጥቁሮች፣ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ነጮች መሆናቸው በከተማዋ ለዓመታት ያከራከረ ጉዳይ ነው።

የባያናሲስተም መኪና ስሙ «የወንበዴዎች መርከብ» ነው። ገመድ የለውም። ቲሸርትም አይሸጥም። የመጣ ሁሉ ፈንዲሻ ነው።

እስቲ ምን ትላላችሁ?

የፒያሳ_ልጅ

ቆይ ቆይ፣ ፊፋ 16 ላይ ያሉት ናቸው እንዴ? ፕሌይስቴሽን ቤት ስንትና ስንት ቀን የሰማሁት ዘፈን!

ቤዝ_ወዳጅ

አዎ፣ «ፕሌይሶም» እሱ ነው። ፊፋ 16 ውስጥ ነበር። ብዙ ሰው በኳስ በኩል ነው ያወቃቸው።

የፒያሳ_ልጅ

ሬጌና ኳስ መቼ ተለያይተው ያውቃሉ! ቦብ ማርሌ ራሱ በመጋቢት 1980 ሪዮ ሄዶ ኮንሰርት አላሳየም። ከነዘፋኙ ቺኮ ቡዋርኪ ጋር ኳስ ተጫውቶ ነው የተመለሰው። በ1970 የዓለም ዋንጫን የበላው ፓውሎ ሴዛር ካጁም እዚያ ጨዋታ ላይ ነበር። ፎቶው አለ፣ ፈልጉት።

ሩትስ_ናቲ

ቤዝ ወዳጅ፣ ሥራህ ጥሩ ነው፤ ግን አልስማማም። ይሄ ሬጌ አይደለም። አዳመጥኩት። ድራሙ ሌላ፣ ጊታሩ ሌላ፣ ራፕ አለ፣ ካርኒቫል አለ። ሬጌ ሲባል ዋን ድሮፕ ነው፤ ድራሙ ከአራቱ ምት ሦስተኛው ላይ ይወድቃል፣ አለቀ። ሁሉን ቀላቅሎ «ደብ» ማለት አሁን ፋሽን ሆኗል።

የብራዚል ሬጌ ከፈለግህ ናቲሩትስን ስማ። በ1996 ብራዚሊያ ውስጥ ተመሠረቱ። መጀመሪያ ስማቸው ናቲቩስ ነበር፤ ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ባንድ ስለነበረ ቀየሩት። አሌክሳንድሬ ካርሎ ይዘፍናል፣ ሉዊስ ማውሪሲዮ ቤዝ ይመታል። ከትልቅ አሳታሚ ጋር ሠሩ፣ ከዚያ ወጥተው የራሳቸውን ድርጅት ከፈቱ። በ2024 «በቃን» ብለው የስንብት ጉዞ ጀመሩ። ሳኦ ፓውሎ ላይ የተሰናበቱት በአሊያንዝ ፓርክ ስታዲየም ነው። ስታዲየም! ለሬጌ ባንድ! ነጻ ባንድ ብሎ ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ከዚያው ከባያ ኤድሶን ጎሜስ አለ። የካሾዬራ ልጅ ነው። ስለ ዘረኝነትና ስለ ድህነት በግልጽ የዘፈነ ሰው ነው። ባያ ሄደህ ስለ ሬጌ ብትጠይቅ መጀመሪያ የሚጠሩልህ እሱን ነው።

ሰናይት_ሲልቨርስፕሪንግ

ናቲ፣ ኤድሶን ጎሜስ ላይ እስማማለሁ። ናቲሩትስን ግን እኔ ለመኪና መንገድ ነው የምሰማው፤ ደስ ይላል፣ ያልፋል። ይቅርታ 😄

እኔ የሚገርመኝ ሁላችሁም ሳኦ ሉዊስን መዝለላችሁ ነው። ማራኛው ግዛት፣ የብራዚል ሰሜን ምሥራቅ። «የብራዚል ጃማይካ» የምትባለው ሳልቫዶር አይደለችም፣ እሷ ናት። በ2018 የሬጌ ሙዚየም ተከፍቶባታል። በ2023 ደግሞ የሬጌ ብሔራዊ ዋና ከተማ የሚል ማዕረግ በሕግ ተሰጥቷታል።

እዚያ ሳውንድ ሲስተሙን ራዲዮላ ይሉታል። ግድግዳ የሚያህል የስፒከር ክምር ነው። የሚጨፈረው ግን እንደ ጃማይካ አይደለም። ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ደረት ለደረት ተጣብቀው፣ በዝግታ። ከሬጌ በፊት እዚያ ይጨፈር የነበረው ቦሌሮና ሜሬንጌ ስለሆነ ሬጌውንም በዚያው አያያዝ ተቀበሉት። ጃማይካዊው ዘፋኝ ግሪጎሪ አይዛክስ እዚያ እንደ ንጉሥ ነው።

ዲጄዎቹ ደግሞ ክፉዎች ነበሩ! ብርቅ ሸክላ ካገኙ መሐሉ ላይ ያለውን ወረቀት ይልጡታል። ተቀናቃኝ ራዲዮላ መጥቶ አጮልቆ ዘፋኙን እንዳያውቅ። ዘፈኑንም የራሳቸውን ስም ያወጡለታል። ስለዚህ የከተማው ሰው ዘፈኑን በቃሉ ይዞት ዘፋኙ ማን እንደሆነ ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ።

ከዚያች ከተማ የወጣው ባንድ ትሪቡ ጂ ጃ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ውስጥ የተገናኙ ሙዚቀኞች ናቸው የጀመሩት። ድምፃዊያቸው ፋውዚ ቤይዱን የሬዲዮ ሰው ነበር፤ የሬጌ ፕሮግራም ያቀርብ ነበር። ለብዙ ዓመት ያለ ትልቅ አሳታሚ፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ነው የኖሩት። የነጻ ባንድ ክር ከሆነ እነሱን መዝለል ነውር ነው።

ቤዝ_ወዳጅ

ሰኒ፣ የወረቀቱን ነገር አላውቅም ነበር፣ ገደልሽኝ። ትሪቡ ጂ ጃ ራሱን የቻለ ክር ይገባቸዋል፤ አንቺው ክፈቺው።

ናቲ፣ «ሬጌ አይደለም» ለምትለው፦ ድራሙን ብቻ ከቆጠርክ ልክ ነህ። ግን ሳልቫዶር ውስጥ ሬጌ ከመጣ ጀምሮ ከከበሮ ጋር ተጋብቶ ነው የኖረው። በ1980ዎቹ ኔጊንዩ ዱ ሳምባ የሚባል የከበሮ መሪ፣ ኦሎዱም በሚባል የጥቁሮች የካርኒቫል ቡድን ውስጥ ሆኖ፣ የሳምባውን ከበሮ ከሬጌ አካሄድ ጋር አዋህዶ ሳምባ ሬጌ የሚባለውን አወጣ። የባያናሲስተም ምት የበቀለው ከዚያ ነው። ጃማይካዊ ስላልሆነ ሬጌ አይደለም ማለት ይከብዳል።

በዚያ ላይ ደግሞ፣ ስለ ኦሎዱም ካነሳን አይቀር፦ በ1988 ያወጡት አልበም ስሙ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ኑቢያ አክሱም ኢትዮጵያ»። ሸክላው ላይ አክሱም ተብሎ ተጽፎ! በዚያ ዘመን የሳልቫዶር ጥቁሮች የካርኒቫል ቡድኖች በየዓመቱ አንድ የአፍሪካ አገር ታሪክ እያጠኑ ለሰፈሩ ልጅ ያስተምሩ ነበር። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ያልነገራቸውን በከበሮ ነገሩት። ማይክል ጃክሰን በ1996 መጥቶ ክሊፕ የቀረጸው ከነዚሁ ከኦሎዱም ጋር ነው፤ ፔሎሪንዮ በሚባለው አሮጌ ሰፈር።

የፒያሳ_ልጅ

አክሱም??? እኛ እንኳን በአክሱም ስም አልበም አውጥተን እናውቃለን?

አዛውንቱ_ዘራፍ

ልጆች፣ እኔ ሬጌ ብዙም አይገባኝም፤ ልጄ ነው ይህን ክር ያሳየኝ። ግን ብራዚልና ኢትዮጵያ ከተባለ አንድ ነገር ልበል።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ማታ፣ እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥቱን ሲጀምሩ፣ ጃንሆይ የት ነበሩ? ብራዚል። የመንግሥት ጉብኝት ላይ ነበሩ። ወሬው እዚያ ደረሳቸው። ጉብኝቱን አቋርጠው በአስመራ በኩል ተመልሰው በጥቂት ቀን ውስጥ አዲስ አበባ ገቡ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ። የክብር ዘበኛና የጦር ሠራዊቱ ተኩስ ሲበረታ አልጋ ሥር ገብተን ነበር።

እንግዲህ ስትቆጥሩት ያ ማርሌ የምትሉት ልጅ ያኔ ገና ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ብራዚሎቹም ጃንሆይን ያዩዋቸው ከሙዚቃው በፊት ነው፤ በአካል።

ሰናይት_ሲልቨርስፕሪንግ

ጋሼ፣ እርስዎማ እዚህ ክር ላይ ይቆዩልን! የታኅሣሡን ግርግር ስንት ጊዜ ስሰማ ብራዚል መሆናቸውን አውቅ ነበር፤ ከሬጌ ጋር አያይዤው ግን አላውቅም።

አዛውንቱ_ዘራፍ

ተባረኪ ልጄ። የከበሮውን ዘፈን ላኩልኝ፤ ያኛውን መኪና ላይ የሚጮኸውን ተዉት።

ሳውንድማኑ

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ሠርግና ኮንሰርት ላይ ሚክሰር ነው የምይዘው። ደብ ደብ ትላላችሁ፣ ግን ማንም አልተነተነውም። ልሞክር።

ደብ የተፈጠረው ሚክሰር ላይ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ኪንግስተን፣ ዋተርሃውስ ሰፈር፣ ኪንግ ታቢ የሚባል ሰው። ዋና ሙያው የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነበር። ያለቀ ዘፈን ይሰጡታል። ድምፃዊውን ያወርደዋል። ቤዙንና ድራሙን ብቻ ይተዋል። ከዚያ አንዲት የጊታር ምት ብቻ አንስቶ ወደ ኢኮው ይልካታል፤ እሷ እየተመላለሰች እየራቀች ስትሄድ እጁን መልሶ ቤዙን ያስገባል። ዘፈኑን አልጻፈውም፣ አልተጫወተውም። ግን ሲጨርስ የሱ ሆኗል።

ይህን በእጅ ስትሠሩት ነው የሚገባችሁ። አውራ ጣት የድምፁ ፌደር (ድምፅ የሚያወጣውና የሚያወርደው ተንሸራታች) ላይ፣ ሌላው እጅ የኢኮው መዘውር ላይ። ኢኮውን ትንሽ ካሳለፋችሁት ራሱን በራሱ እያጎላ ይጮህና ቤቱን ይበጠብጣል። አንድ ፀጉር ቀድማችሁ ከመለሳችሁት ደግሞ ምንም አልሠራችሁም። ጥሩ ደበኛ እዚያ ጠርዝ ላይ ቆሞ የሚጫወት ነው።

ለአበሻ ጆሮ ምሳሌ ከፈለጋችሁ፦ የጂጂ የ2001ዱ አልበም አለ አይደል? አሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ቢል ላስዌል ያንኑ አልበም መልሶ ከፍቶት በ2003 «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ብሎ አወጣው። የጂጂ ድምፅ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ከሩቅ ይመለሳል። ግጥሙ ተበታትኖ ቤዙ ላይ ይንሳፈፋል። እሱን የሰማ ደብን ሰምቷል። ዱብ ኮሎሰስም አለ፤ እንግሊዛዊው ኒክ ፔጅ አዲስ አበባ መጥቶ ከነጸደንያ ገብረማርቆስና ከነሳሙኤል ይርጋ ጋር የሠራው። በ2008 ነው የወጣው።

አሁን ወደ ባያናሲስተም። ናቲ «ሬጌ አይደለም» ያለው ገብቶኛል። ግን አስተሳሰቡ የደብ ነው። ሙዚቃው ውስጥ ምን እንደጎደለ ስሙ። ኪቦርዱ ሁሉን አይሸፍንም። ጊታሩ ሁልጊዜ የለም። መቀነስን ይችሉበታል። እኛ አገር ባንድ ስቀዳ ሁሉም «የኔን ጨምርልኝ» ነው የሚለኝ! ኪቦርዲስቱ ይላል፣ ሳክሲስቱ ይላል፣ በመጨረሻ ሁሉም ተጨምሮ ማንም አይሰማም።

ሩትስ_ናቲ

ሳውንድማኑ፣ ይሄኛው አሳምኖኛል ማለት ይቻላል። ዋን ድሮፕ ግን ዋን ድሮፕ ነው።

ጠርጣራው

እኔ ሙዚቃውን ትቼ ሌላ ልጠይቅ። «ነጻ ባንድ፣ ገመድ የለም፣ ቲሸርት አይሸጡም» ብላችሁ ታሞጋግሳላችሁ። ያ መኪና ናፍጣ አይፈልግም? ጄነሬተር የለውም? ባንዱ አይበላም? ሕዝቡ ካልከፈለ የሆነ ሰው ከፍሏል። የከፈለ ሰው ደግሞ ያዝዛል። እና ነጻነቱ የት ላይ ነው?

ቤዝ_ወዳጅ

ተገቢ ጥያቄ ነው። ገመድ የሌላቸውን መኪናዎች ብዙ ጊዜ የሚከፍሉት ግዛቱ፣ ከተማው ወይም ስፖንሰር ናቸው። ያም ሆኖ ከግል ቡድኖቹ የሚለየው፣ የሕዝብ ገንዘብ ገብቶበት ሕዝቡ በነጻ መጨፈሩ ነው። ገመድ ባለው መኪና ላይ ግን መንገዱ የሕዝብ ሆኖ ሳለ መሐሉ ለቲሸርት ገዢ ይታጠራል።

«ያዝዛል» ላልከው፣ ተፈትነዋል። በ2017 ካርኒቫል ሩሶ ከመኪናው አናት ላይ ሆኖ በጊዜው ፕሬዚዳንት በሚሼል ቴሜር ላይ መፈክር አሰማ፤ ሕዝቡም ተቀበለው። ከካርኒቫሉ ምክር ቤት በኩል «ይቀጡ፣ ካርኒቫሉ ለፖለቲካ አይደለም» የሚል ነገር መጣ። ትልቅ ጭቅጭቅ ሆነ። ባንዱ ግን አፉን አልያዘም፣ ከካርኒቫሉም አልወጣም። አሁንም ሕዝቡ እየተከተላቸው ነው።

እኔ የማየው እንዲህ ነው። ነጻ ባንድ ማለት ከማንም ሳንቲም የማይወስድ ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ባንድ በዓለም ላይ የለም። ዋናው ቅጂው የማን ነው? ቀጣዩን አልበም መቼና እንዴት እንደሚያወጡ የሚወስነው ማን ነው? ባያናሲስተም ላይ ሁለቱንም የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ማኪና ጂ ሎኩ የሚለው የድርጅታቸው ስም እንኳን «ሉክሩ» ከሚለው የራሳቸው ዘፈን የወጣ ነው። ዘፈኑ ስለ ትርፍ ነው፤ ትርፍን «ማኪና ጂ ሎኩ»፣ የእብድ ማሽን፣ እያለ ይሳደባል። ድርጅታቸውን በዚያ ስም ጠሩት። ቀልደኞች ናቸው።

በአንድ አልበምና በሌላው መሐል ዓመታት ያሳልፋሉ። 2010፣ 2016፣ 2019፣ 2021፣ ከዚያ «ኡ ሙንዱ ዳ ቮልታስ» በ2025። በመሐሉ ነጠላ ዜማ ይለቃሉ፣ ይዞራሉ። ትልቅ አሳታሚ ቢኖራቸው ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው አልበም ስድስት ዓመት የሚጠብቃቸው አይመስለኝም።

ጠርጣራው

እሺ። ዋናው ቅጂ የማን ነው የሚለው አስኬደኝ። እኛ አገር ስንት ታላላቅ ዘፋኞች የራሳቸውን የካሴት ክር ለሙዚቃ ቤት ሸጠው በኋላ ሌላው ሲበላበት እያዩ አረጁ። እሱ ላይ እጄን አነሳለሁ።

ተስፋ_ከሳኦፓውሎ

ወገኖች፣ ይህን ክር አሁን ነው ያየሁት። እኔ እዚሁ ብራዚል ነው ያለሁት። ባያናሲስተምን ሳልቫዶር ላይ አይቻቸዋለሁ፣ መንገድ ላይ፣ ከመኪናው ኋላ ሆኜ።

በጽሑፍ ያልተነሳውን ልንገራችሁ። መኪናው ገና ሳይታይ ቤዙ ይመጣል። ጆሮ አይደለም የሚሰማው፣ ሆድ ነው። የሱቅ የብረት መዝጊያዎች ይንዘረዘራሉ። ከዚያ ሕዝቡ ይመጣል። የባንዱ ምልክት የሆነ ጭንብል አለ፤ ፊሊፔ ካርታሹ የሚባል ሠዓሊ የሠራው። ብዙ ሰው ያንን ጭንብል አድርጎ ነው የሚመጣው። ሩሶ ሙዚቃውን ያስቆምና ሕዝቡ መሐል ክብ እንዲከፈት ያደርጋል። ሰው ወደ ኋላ ይገፋፋል፣ ባዶ ክብ ይከፈታል፣ ትልቅ። ጊታራ ባያናዋ ብቻዋን ትቀራለች፣ ቀጭን፣ እየፈጠነች። ሁሉም ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል። ቤዙ ሲመለስ ሁሉም በአንድ ላይ ወደ መሐል ይወረወራል።

የሚያስፈራ ይመስላል። አንዲት ልጅ አጠገቤ ወደቀች፤ የማያውቋት ሰዎች ክንዷን ይዘው አነሷት፣ ጫማዋንም ፈልገው ሰጧት፣ ተመልሳ ገባች። እኔ ግን ስልኬን በሸሚዜ ውስጥ ሸጉጬ ዳር ዳር ነው የያዝኩት። ኪስ የሚያወልቅም አለ፣ አልዋሻችሁም።

ሌላው ነገር፣ ከጎናቸው የሚቆሙ ሰዎች ብዛት። ከአንጎላ የኩዱሮ (የአገሩ የጭፈራ ሙዚቃ) ዘፋኟን ቲቲካን ጠርተው ከባያዋ ዘፋኝ ከማርጋሬት ሜኔዚስ ጋር «ካፒም ጊኔ»ን ሠሩ። ማርጋሬት በኋላ በ2023 የባህል ሚኒስትር ሆነች። የመጨረሻው አልበም ላይ ጊልቤርቶ ጂል አለ፣ አኒታ አለች። ጂልም በጊዜው የባህል ሚኒስትር ነበር፣ ከ2003 እስከ 2008። ይሄ አገር ዘፋኝ ሚኒስትር ማድረግ ይወዳል።

ሰናይት_ሲልቨርስፕሪንግ

ተስፋ፣ ጂል ከተነሳ ደግሞ፦ በ1979 የማርሌን «ኖ ውመን ኖ ክራይ» በፖርቱጋልኛ አድርጎ ዘፍኖ ሬጌን በመላው ብራዚል ያስለመደው እሱ ነው። ጊዜው የወታደሮች አገዛዝ ነበር፤ የተሰደዱት ሰዎች መመለስ የጀመሩበት ዓመት ነው። ሕዝቡ የማጽናኛ ዘፈን አደረገው። ወሬውን ሳሳጥረው፣ ባያናሲስተም ከሰማይ አልወረዱም፤ ከጂል፣ ከኦሎዱም፣ ከኤድሶን ጎሜስ ነው የመጡት።

ሩትስ_ናቲ

በመጨረሻ ኤድሶን ጎሜስን ጠራሽልኝ፣ አመሰግናለሁ። ክሩ ሊዘጋ ይችላል 😂

የፒያሳ_ልጅ

ከየቱ ልጀምር? አንድ ሰው ቁርጥ አድርጎ ይንገረኝ።

ቤዝ_ወዳጅ

«ዱዋስ ሲዳጂስ»ን ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ስማው፣ ሳትዘል። ከዚያ ከ2019ኙ «አጓ»ን። እዚያ ላይ አንቶኒዮ ካርሎስና ጆካፊ የሚባሉ የባያ አንጋፋዎች አብረዋቸው አሉ። ሦስተኛ ዩቲዩብ ገብተህ የካርኒቫሉን ቪዲዮ እይ፤ ያኔ ተስፋ ያወራው ክብ ይገባሃል።

የፒያሳ_ልጅ

ጀመርኩ። ሁለት ዘፈን ሰማሁ። እውነቱን ልናገር? ጊታሯ ትጮኻለች እንጂ ያላችሁት ቤዝ የለም።

ሳውንድማኑ

በምን እየሰማህ ነው?

የፒያሳ_ልጅ

በስልኬ።

ሳውንድማኑ

በስልኩ ስፒከር? ወንድሜ፣ የስልክ ስፒከር ያንን ቤዝ ሊያወጣው አይችልም፤ ጥፍር በምታህል ነገር ምን ልታንቀጠቅጥ ነው? ኢርፎን ሰካ። ካለህ ደግሞ ትልቁን ስፒከር አውጣና መሬት ላይ፣ ግድግዳ አስጠግተህ አስቀምጠው።

የፒያሳ_ልጅ

የታላቅ ወንድሜን ስፒከር አወጣሁ። ግድግዳ አስጠጋሁት።

አሁን ገባኝ። አከራዬም ገብቷቸዋል፤ በር እያንኳኩ ነው።